የጭስ መውጫ ዝገትና የሻጭ ደረሰኝ

ዝገት የንግድ ጠላት መሆኑን ብረት የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል። በመጋዘን የተቀመጠውን ዕቃ ዋጋ ያሳጣል፤ በመርከብ ተጭኖ የመጣውን ያበላሻል፤ ገዢንና ሻጭንም ያጣላል። ነገር ግን ጉዳቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። የአጥር ቆርቆሮ ቢዝግ ባለቤቱ ያዝናል፤ የጣራ ቆርቆሮ ቢዝግ ቤቱ ያፈሳል፤ የጭስ መውጫ ቢዝግ ግን ሰው ሊሞት ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ ለጭስ መውጫ የሚሆነውን ቆርቆሮና ላሜራ የምናስመጣና የምንሸጥ ሰዎች የዕቃውን ልክና ዐይነት ለገዢው በደረሰኝ ላይ ጽፈን መስጠት የሚገባን መሆኑን ነው።

ይህን አሳብ ያነሣሣብኝ በራሴ እጅ የተፈጸመ ስሕተት ነው። የምሠራው በአንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት ለምድጃቸው የጭስ መውጫ የሚሆን ቆርቆሮ ከሱቃችን ገዙ። ደረሰኙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የጻፍሁትም «ልሙጥ ቆርቆሮ፣ አንደኛ ደረጃ» የሚል ብቻ ነበር። ውፍረቱን አልጻፍሁም፤ የተለበጠበትን የዚንክ ልክ አልጻፍሁም፤ ለምን ሥራ እንደሚፈልጉትም አልጠየቅሁም። እርሳቸውም ቆርቆሮውን ወደ ሠራተኛ ወስደው ቱቦ አሠሩት። ቱቦው ከምድጃው ተነሥቶ፣ ሠራተኞቹ በሚያድሩበት ቆጥ በኩል አልፎ፣ ከጣራው በላይ ወጣ።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ በቆጡ በኩል የሚያልፈው የቱቦው ክፍል ተበሳሳ። የዝገቱ ቅርፊትም ከጥላሸት ጋር እየተቀላቀለ በቱቦው መታጠፊያ ላይ ተጠራቅሞ የጭሱን መንገድ አጠበበው። አንድ ሌሊት የምድጃው ፍም ሳይጠፋ፣ ሁለት ወጣቶች በቆጡ ላይ ተኝተው ሳሉ፣ መውጫ ያጣው ጭስ ወደ እነርሱ ገባ። እግዚአብሔር ረድቶ አንደኛው ከባድ ራስ ምታት ቀስቅሶት እየተንገዳገደ በሩን ለመክፈት ቻለ። ጎረቤቶችም ደርሰው ሁለቱን ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷቸውና በሕይወት ተረፉ።

በሳምንቱ ሴትዮዋ የተበሳሳውን ቱቦ ቁራጭና ደረሰኛቸውን ይዘው መጡ። አልጮኹም፤ ገንዘባቸውንም አልጠየቁም። «ልጄ፣ ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?» አሉኝ። «አዎን፣ እናቴ፤ እኔ ነኝ» አልኋቸው። «እንግዲያውስ አንደኛ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ንገረኝ» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚህን ጥያቄ መልስ ፍለጋ ስጠይቅና ሳነብ ቆይቻለሁና፣ ያገኘሁትን ለንግድ ባልደረቦቼ ማካፈል ይገባኛል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ለጣራ ጥሩ የሆነ ቆርቆሮ ለጭስ መውጫ ጥሩ ነው ማለት እንዳልሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ብረትን በዚንክ ለብጦ ከዝገት የመጠበቅን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1837 በፓተንት ያስመዘገበው ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ቆርቆሮን በሞገድ መልክ የማጠፉን ዘዴ ግን ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ ከእርሱ 8 ዓመት ቀደም ብሎ በ1829 አስመዝግቦ ነበር። ሁለቱ ጥበቦች ተገናኝተው ዛሬ በየአገሩ የምናየውን የጣራ ክዳን አስገኙ። ዚንክ ብረትን የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ብረቱን ከውሃና ከአየር ይለየዋል፤ ሁለተኛው፣ ቆርቆሮው ተጭሮ ብረቱ ቢገለጥ እንኳ ከብረቱ አስቀድሞ ራሱ ይበላለታል። ከዚህም በቀር በጣራ ላይ ያለ ዚንክ ከዝናብና ከአየር ጋር ተገናኝቶ ስስ ግራጫ ሽፋን ያበጃል፤ ይህም ሽፋን የዚንኩን መበላት ያዘገየዋል። የጣራ ቆርቆሮ ለብዙ ዓመት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

በጭስ መውጫ ውስጥ ግን ይኸው ዚንክ በአንድ ጊዜ ሦስት ጠላቶች ይነሡበታል። ፊተኛው ከታች የሚመጣው ሙቀት ነው። በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሳይቋረጥ ሊሸከመው የሚችለው ሙቀት 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲግል ልባጩ ከብረቱ እየተላቀቀ ይሄዳል፤ 419 ዲግሪ ሲደርስም ዚንኩ ይቀልጣል። ከምድጃው አፍ አጠገብ ያለው የቱቦ ክፍል ይህን ሙቀት በየቀኑ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ በታችኛው ክፍል ላይ ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ማግባት፣ ልባጩ በእሳት እንዲላጥ ገንዘብ መክፈል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጠላት ከውስጥ የሚመጣው አሲድ ነው። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እንጨት ሲነድ ይህ ሁሉ ውሃ በእንፋሎት መልክ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ጭሱም ደረቅ ጥላሸት ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ሆምጣጤን የሚያኮመጥጠው አሲድና ሌሎችም ብርቱ ነገሮች አሉበት። ጭሱ በቱቦው ሽቅብ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ሬንጅ መሳዩ ዝቃጭ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ይልቁንም ሲቀዘቅዝ ውሃው ከነአሲዱ ጠል ሆኖ ያርፋል። በጣራ ላይ ዚንኩን ይጠብቅ የነበረው ግራጫ ሽፋን አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ከዚያም ዚንኩ ይበላል፤ ከዚንኩ ቀጥሎ ብረቱ ይበላል። ሥራው የሚፈጸመው ከውስጥ በኩል ስለ ሆነ ቱቦው በውጭ ሲያዩት ያብለጨልጫል። ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ቀዳዳው ሲከፈት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጠላት ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። የቱቦው ጫፍ ክዳን ካልተደረገለት የክረምት ዝናብ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ጥላሸት ውሃን እንደ ጨርቅ መጥጦ የሚይዝ ስለ ሆነ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ቱቦው በውስጡ እንደ ረጠበ ይቆያል። ምድጃው ሳይነድ ለብዙ ቀን በሚቆይበት ቤት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ የሚያደርቀው ሙቀት የለምና። በዚህ ላይ ቱቦው በብየዳ የተገጠመ እንደ ሆነ በመገጣጠሚያው መሥመር ላይ የነበረው ዚንክ በእሳቱ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ ዝገቱ አስቀድሞ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ተሳስቷል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በክረምት ቤታቸውን ከሚያሞቁባቸው ምድጃዎች ብዙዎቹ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ናቸው። የዚህ ጋዝ ዋነኛ ክፍል የሆነው ሚቴን 1 ኪሎ ሲነድ 2 ኪሎ ከሩብ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። ሙቀትን እንዲቆጥቡ ሆነው በተሠሩት ምድጃዎች ውስጥ ጭሱ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ስለሚቀዘቅዝ እንፋሎቱ አሲድነት ያለው ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። በዚህ ምክንያት ለእነዚህ ምድጃዎች ተራ የቆርቆሮ ቱቦ አይፈቀድም፤ እንደ ምድጃው ዐይነት ይህን ለመቋቋም የተሠራ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት እንዲገጠምላቸው ይደረጋል። ከዚህ የምንማረው፣ የጭስ መውጫ የሚመረጠው በዋጋው ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚያልፈው ጭስ ተለይቶ ታውቆ መሆኑን ነው።

አሁን ስለ ሰው ሕይወት እናገራለሁ። እሳት በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ፣ በተለይም ፍምና ከሰል ታፍኖ ሲቆይ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክሲጅንን ከሚሸከመው ክፍል ጋር የሚጣበቅበት ኀይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ጥቂቱ እንኳ ሰውነትን ያለ አየር ያስቀራል። ምልክቱም ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ እንደ ተኛ ሊቀር ይችላል። የጭስ መውጫ የተሠራው ይህን መርዝ ከሰው ማደሪያ ለማራቅ ነው። በመኝታ አጠገብ የተበሳሳ ጊዜ ግን ጭስ ማስወጣቱን ትቶ ጭስ አስገቢ ይሆናል።

እንግዲህ የሴትዮዋ ጥያቄ ወደ ነበረበት ልመለስ። «አንደኛ ደረጃ» ማለት ምን ማለት ነው? በእውነቱ ከሆነ ምንም ማለት አይደለም። በገበያችን የተለመደው መለኪያ ጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን የጌጅ ሠንጠረዡ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ብዙዎቻችን አላስተዋልንም። በእንግሊዝ አገር አሮጌ ሠንጠረዥ 30 ጌጅ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ በአሜሪካ የዚንክ ቆርቆሮ ሠንጠረዥ ግን ያው 30 ጌጅ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሁለት ነጋዴዎች ሳይዋሹ አንድ ቁጥር እየጠሩ፣ አንደኛው ከሌላው በሩብ የሚሳሳ ዕቃ ሊሸጡ ይችላሉ ማለት ነው። እውነተኛው መለኪያ ሚሊሜትር ነው።

ባለ ሱቁ ውድ መሣሪያ ባይኖረውም ሚዛን አያጣም። 1 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው ልሙጥ ቆርቆሮ 0.4 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው 6 ኪሎ ከ280 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 0.3 ከሆነ 4 ኪሎ ከ710፤ 0.2 ከሆነ 3 ኪሎ ከ140 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ ከአከፋፋይ የተረከበውን አንዱን አንሥቶ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጥ የተነገረው ልክ እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን ወዲያውኑ ያውቃል።

የዚንኩም ነገር እንዲሁ ነው። ፋብሪካዎች የልባጩን ልክ «ዜድ» ከሚል ምልክት ጋር በቁጥር ይጽፉታል፤ ቁጥሩም በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በሁለቱ ፊቶች ላይ በጠቅላላ ያለውን ዚንክ በግራም ይናገራል። ዜድ 275 ማለት 275 ግራም ነው፤ ይህም በያንዳንዱ ፊት 20 ማይክሮን ያህል ይሆናል። ዜድ 100 ግን በያንዳንዱ ፊት 7 ማይክሮን ብቻ ነው። ሁለቱም በሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቆሙ እኩል ያብለጨልጫሉ፤ ዐይን ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱን የያዘው ደግሞ አስመጪው ነው።

ለጭስ መውጫ ከዚንክ ቆርቆሮ የሚሻለው ወፍራም ጥቁር ላሜራ፣ ከዚያም በላይ የማይዝግ ብረት ነው። ጥቁር ላሜራ መዛጉ ባይቀርም የሚላጥ ልባጭ የለውም፤ በውፍረቱም ምክንያት እስኪበሳ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በማይዝግ ብረት ላይ ግን ሌላ ማታለያ አለ። 304 የሚባለው ዐይነት ከመቶ 18 እጅ ያህል ክሮምየምና 8 እጅ ያህል ኒኬል አለበት። በገበያ ላይ «ማግኔት ካልያዘው እውነተኛ ነው» የሚል አባባል ይሰማል፤ ይህ ግን በቂ ፈተና አይደለም። ኒኬሉ ተቀንሶ በብዙ ማንጋኒዝ የተተካበት 201 የተባለው ርካሽ ዐይነትም ማግኔት አይዘውም፤ ዝገትን የመቋቋም ኀይሉ ግን ያነሰ ነው። እዚህም ላይ መተማመኛው የፋብሪካው የምስክር ወረቀት ነው።

አስመጪዎችም ሌላ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ዕቃው በጂቡቲ ወደብ ከሚገኘው ሙቀትና የባሕር እርጥበት ተነሥቶ ወደ ደጋው ብርድ ሲወጣ በታሸገው ኮንቴይነር ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ ሆኖ በቆርቆሮው እሽግ መካከል ይገባል። አየር በማይገባበት በዚህ ስፍራ ዚንኩ ነጭ ዱቄት መሳይ ዝገት ያወጣል፤ ልባጩም ገና ሳይሸጥ መበላት ይጀምራል። ስለዚህ የረጠበ እሽግ እንደ ደረሰ ተፈትቶ መድረቅ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ጋደል ተደርጎ አየር በሚያገኝበት ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። ነጭ ዝገት ያወጣውን ቆርቆሮ ወልውሎ በሙሉ ዋጋ መሸጥ ግን ንግድ ሊባል አይገባውም።

ይህን ስናገር የሚቃወሙኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አንዳንዱ «ገዢው ራሱ ርካሹን ይፈልጋል፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል። እውነት ነው፤ በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአስመጪውም የገዢውም ኪስ ተጨንቋል። እኔም ርካሹ አይሸጥ አላልሁም። ለአጥርና ለጊዜያዊ መጠለያ ስስ ቆርቆሮ ሊበቃ ይችላል። የምለው፣ ገዢው ርካሹን ሲገዛ ምን እንደ ገዛ አውቆ ይግዛ ነው። ደግሞም የውጭ ምንዛሪ እንዲህ በከበደበት ጊዜ በሁለት ክረምት ተበልቶ በሚያልቅ ዕቃ ላይ ዶላር ማፍሰስ ለነጋዴውም ለአገሩም ኪሳራ ነው።

ሌላው ደግሞ «እኔ የምሸጠው ቆርቆሮ ነው፤ ገዢው ቱቦ ቢያሠራው የራሱ ጉዳይ ነው» ይላል። ይህን እኔም ራሴ ብዬው ነበር። ነገር ግን በምናለሽ ተራ ተቀምጦ ምድጃና ቱቦ የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ የሚሠራው እኛ የሸጥነውን ነው። እርሱ የፋብሪካውን ወረቀት አይቶ አያውቅም፤ ደንበኛውም አላየውም። የዕቃውን ጠባይ ሊያውቅ የሚችለው ብቸኛ ሰው ዝም ካለ፣ የሌሎቹ አለማወቅ በእርሱ ዝምታ ላይ የሚቆጠር ነው። ሕጋችንም ቢሆን ዝምታን አይደግፍም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኀላፊነት እንዲወስድ አድርጓል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው አሳብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። አስመጪው ዕቃ ሲያዝ በዋጋ ማቅረቢያውና በባንክ ሰነዱ ላይ ጌጅ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱን በሚሊሜትር፣ ዚንኩን በግራም ያስጽፍ። አከፋፋዩ ያንኑ ልክ ለባለ ሱቁ ያስተላልፍ። ባለ ሱቁም ገዢውን «ለምን ሥራ ነው?» ብሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ለጭስ መውጫ ነው ካለውም ስስ ቆርቆሮ እንደማይበጅ ይንገረው፤ ከምድጃው አጠገብ ያለው ክፍል ወፍራም ላሜራ ወይም የማይዝግ ብረት እንዲሆን፣ ጫፉ ክዳን እንዲደረግለት፣ በማደሪያ በኩል እንዳያልፍ፣ በየዓመቱም ክረምት ሲያልፍ ተፈትቶ እንዲጠረግና እንዲታይ ይምከረው። በመጨረሻም የሸጠውን በደረሰኝ ላይ በልኩ ይጻፍ።

በምሠራበት ሱቅ ይህን ከጀመርን ወዲህ አንዳንድ ገዢ ዋጋ ሰምቶ ወደ ሌላ ሱቅ መሄዱ አልቀረም። ነገር ግን ከሄዱት ውስጥ በሌላ ሱቅ የተሰጣቸውን ደረሰኝ ይዘው ተመልሰው «እዚህ ላይ ሚሊሜትሩ የታለ?» ብለው የጠየቁን አሉ። ገዢው መጠየቅን ሲለምድ የሚጎዳው አድበስብሶ የሚሸጠው ብቻ ነው፤ በልኩ የሚሸጠው ነጋዴ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ይሁን እንጂ አንድ ሱቅ ብቻውን የሚያደርገው ነገር ገበያን አያቀናም። ሁላችን አንድ ላይ ስናደርገው ግን ልማድ ይሆናል፤ ልማድም ከሆነ በኋላ ወጪ መሆኑ ይቀራል።

ያቺ እናት ዛሬም ዳቦ ቤታቸውን እንደ ከፈቱ ናቸው። የጭስ መውጫቸው ከቆጡ ተነሥቶ በውጭ ግድግዳ በኩል እንዲወጣ ተደርጓል፤ የተሠራበትንም ላሜራ የሸጥንላቸው እኛው ነን። በዚያ ደረሰኝ ላይ «ጥቁር ላሜራ፣ ውፍረት 2 ሚሊሜትር፣ ለጭስ መውጫ» ብዬ ጻፍሁ። እርሳቸውም አነበቡትና አጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋልና፣ እኛም የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ከምንጸጸት ዛሬ በደረሰኛችን ላይ ሁለት ቃል እንጨምር እላለሁ።